ወርቅ ቅብ፦ ለምን ይጠቁራል፣ ለምን ይላጣል፣ ስንት ግራምስ ይበላል?

በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ወርቅ ቅብ ናቸው። ጠያቂዎቹ ከወርቅ ሠሪ እስከ ተማሪ ቢለያዩም ችግራቸው ይመሳሰላል፤ ሥራውን የሚለኩት በዓይን ነው። ቀለሙ ሲያምር «ደርሷል» ይላሉ። ወርቅ ግን ገና የ0.05 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ውፍረት ሲኖረው ቢጫ ሆኖ ይታያል፤ ያ ውፍረት ደግሞ እጅ ላይ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ መልሶቻችን ደጋግመው ወደ ሁለት ነገር ይመለሳሉ፦ ከወርቁ ሥር ያለው ፊት ምን ያህል ንጹሕ ነበር? ስንት አምፔርስ ለስንት ደቂቃ አለፈ?

«የወርቅ ውሃ» ስንል የወርቅ ጨው የሟሟበትን ፈሳሽ ማለታችን ነው። «አምፔር በዴሲሜትር» ስንል ደግሞ በ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ፊት ላይ የሚያርፈውን ከረንት ነው።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ወርቅ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የነሐስ ቀለበቶችን 60 ዲግሪ በሞቀ የወርቅ ውሃ እነክራለሁ። ከረንቱን የማገኘው ከ5 ቮልት የስልክ ቻርጀር ነው። 15 ሰኮንድ ሳቆየው ያምራል። ደንበኛ «ወፈር አድርግልኝ» ሲለኝ 5 ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ ያኔ ጠርዙ ቡናማ ይሆናል፣ በጣት ሲነካም እንደ ዱቄት ይነሳል። የወርቅ ውሃው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ውሃው ደህና ነው፤ የተጠየቀው ከአቅሙ በላይ ነው። ለቀለም ብቻ የሚሸጠው የወርቅ ውሃ በሊትር ከ1 እስከ 2 ግራም ወርቅ ብቻ ይይዛል። የተዘጋጀው ለ10 ወይም ለ30 ሰኮንድ መንከሪያ ነው፤ የሚያወጣውም ከ0.05 እስከ 0.1 ማይክሮን ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ ቀለበቱን ተጠግቶ ያለው ፈሳሽ ወርቁን ይጨርሳል። ከሩቅ ያለው ወርቅ እስኪደርስ ቻርጀሩ አይጠብቅም፤ 5 ቮልቱን መግፋቱን ይቀጥላል፣ ትርፉ ከረንትም ከውሃው ሃይድሮጅን ያወጣል። በዚያ ሁኔታ የሚያርፈው ወርቅ ጥቅጥቅ ብሎ አይያያዝም፤ ልል፣ ቡናማ ዱቄት ይሆናል። ከረንት ጠርዝና ጫፍ ላይ ስለሚበዛ ቃጠሎው መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

ቡናማ የሆነውን ቀለበት አይጣሉት። በደንብ አጥበው በቀጭን የነሐስ ሽቦ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይፈትጉት። ዱቄቱ ተነሥቶ ከሥሩ ቢጫ ፊት ከወጣ ለ10 ሰኮንድ ደግመው ቢነክሩት ይበቃል።

ለውፍረት ግን ሌላ የወርቅ ውሃና ሌላ የኃይል ምንጭ ያስፈልጋል። በሊትር ከ8 እስከ 10 ግራም ወርቅ ያለው፣ በዝግታ የሚሠራ ውሃ ይያዙ። ከረንትን በመቶኛ አምፔር የሚያሳይና የሚገድብ ፓወር ሰፕላይም ይግዙ። የአንድ ተራ ቀለበት የውስጥና የውጭ ፊት ተደምሮ 8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው እንበል፤ በ0.3 አምፔር በዴሲሜትር ሲሠራ የሚፈልገው 0.024 አምፔር ብቻ ነው። ይህን የስልክ ቻርጀር ሊቆጣጠርልዎ አይችልም።

ነሐሱ ላይ በቀጥታ ወርቅ ማሳረፍም አይመከርም። በመካከል ኒኬል ይግባ፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች ያለው መልስ ይነግርዎታል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በሳሙናና በብሩሽ ማጠብ፤ ከዚያ ቀለበቱን ኔጌቲቩ ላይ አስሮ 60 ዲግሪ በሞቀ አልካላይን ማጽጃ ውስጥ በ6 ቮልት ከ30 እስከ 60 ሰኮንድ ማቆየት፤ ማለቅለቅ፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ በሆነ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ለ20 ሰኮንድ መንከር፤ እንደገና ማለቅለቅ፤ ኒኬል በ2 አምፔር በዴሲሜትር ለ12 ደቂቃ፣ ይህም ወደ 5 ማይክሮን ያወጣል፤ ማለቅለቅ፤ በዲስቲልድ ውሃ የመጨረሻ እጥበት፤ ወርቅ። ወደ ወርቁ ሲገባ ሽቦው አስቀድሞ ከረንት ይኑረው። ያለ ከረንት የገባ ብረት በራሱ ጊዜ ጥቂት ወርቅ ይስባል፤ ያ ወርቅ ግን ያልተጣበቀ ነው፣ ከላዩ የሚያርፈውንም ይዞት ይላጣል።

ከአልካላይኑ ማጽጃ ሲወጣ ቀለበቱን ዘንበል አድርገው ይመልከቱት። ውሃው እንደ አንድ ስስ ልብስ ሳይቆራረጥ ፊቱን ሁሉ ከሸፈነ ንጹሕ ነው። እንደ ጤዛ ተንጠባጥቦ ከቆመ ግን ቅባት አለ፤ ወደ ኋላ ይመለሱ። ይህ አምስት ሰኮንድ የሚወስድ ፈተና ነው፣ መሣሪያም አይጠይቅም። ከመላጥ የሚያድን ከዚህ የረከሰ ነገር አናውቅም።

ጥያቄ፦ ጀርመን ነው የምኖረው። ወርቅ ቅብ የጆሮ ጌጥ ሳደርግ ጆሮዬ ያሳክከኛል፣ ቀለበቱ ደግሞ በ3 ወር ውስጥ ጣቴን አረንጓዴ አደረገው። ሻጩ «18 ካራት ነው» ብሎኛል። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ካራት የወርቁን ጥራት እንጂ ውፍረቱን አይናገርም። በ18 ካራት ወርቅ 0.1 ማይክሮን የተቀባ ቀለበት «18 ካራት ቅብ» ቢባል ስለ ጥራቱ ውሸት አይደለም፤ ግን ቶሎ ያልቃል። ሲገዙ «ስንት ማይክሮን ነው?» ብለው ይጠይቁ።

አረንጓዴው መዳብ ነው። ወርቁ ባለቀበት ቦታ ላብ ነሐሱን ይነካና የመዳብ ጨው ይፈጥራል። ወርቁ ሳያልቅም ቢሆን፣ ኒኬል በመካከል ከሌለ፣ የመዳብ አተሞች በወራትና በዓመታት ውስጥ በቀጭኑ ወርቅ አልፈው ወደ ላይ ይወጣሉና ቀለሙን ያጠቁሩታል። ኒኬል የሚደረገው ይህን ጉዞ ለመዝጋት ነው።

ማሳከኩ ግን ምናልባት ከዚሁ ኒኬል ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከቆዳ ጋር ለረጅም ጊዜ ከሚነካካ ዕቃ የሚለቀቀው ኒኬል በሳምንት በካሬ ሴንቲ ሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ፣ ለተበሳ ጆሮ ማስገቢያ ደግሞ ከ0.2 እንዳይበልጥ ይከለክላል። ኒኬል ለሚያስቸግራቸው ሰዎች በመካከል የሚገባው ፓላዲየም ወይም ነጭ ብሮንዝ፣ ማለትም የመዳብ፣ የቆርቆሮና የዚንክ ቅይጥ ነው። ጌጥ የሚያሠሩ ከሆነ ይህን ስም ጠርተው ይዘዙ።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። አንድ የብር መስቀል በ2.5 ማይክሮን ወርቅ ለመለበጥ ስንት ወርቅና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ እያንዳንዱ ባለሙያ ደግሞ ሊያደርገው ይገባል። መጀመሪያ የፊቱን ስፋት አግኝ። መስቀል ጠምዛዛ ስለሆነ በማስመሪያ አይለካም። የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል ወስደህ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቁረጥና መዝን፤ ያ ክብደት የ100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚያ መስቀሉን በዚያው ፎይል ሳትደራርብ አልብሰው፣ ትርፉን ቆርጠህ ጣል፣ ያለበሰውን አውልቀህ መዝን። ሁለቱን አካፍል፤ ስፋቱን ታገኛለህ።

60 ካሬ ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። የወርቅ እፍጋት 19.3 ስለሆነ 1 ማይክሮን በ1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 1.93 ሚሊ ግራም ይመዝናል። 60 ጊዜ 2.5 ጊዜ 1.93 ወደ 290 ሚሊ ግራም ይሆናል። መስቀሉ 0.29 ግራም ወርቅ ይበላል ማለት ነው።

አሁን ያለፈው ከረንት ስንት ብረት እንደሚያሳርፍ የሚነግረው የፋራዳይ ሕግ ይግባ። በሁለቱ የወርቅ ውሃ ዓይነቶች፣ በሲያናይድም ሆነ በሰልፋይት (ልዩነታቸው ከታች አለ)፣ ወርቁ አንድ ቻርጅ ያለው ነው፤ አንድ አተም ለማሳረፍ አንድ ኤሌክትሮን ይበቃል። 196.97 ግራም ወርቅ 96,485 ኩሎም ይፈልጋል። ሲመነዘር 1 አምፔር በ1 ሰዓት 7.35 ግራም፣ በ1 ደቂቃ ደግሞ 122.5 ሚሊ ግራም ያሳርፋል። 290ን ለ122.5 ስታካፍል 2.37 አምፔር-ደቂቃ ይመጣል። በ0.3 አምፔር በዴሲሜትር የመስቀሉ ከረንት 0.18 አምፔር ነው፤ ስለዚህ 13 ደቂቃ ከ10 ሰኮንድ ይፈጃል።

ይህ ከረንቱ ሁሉ ወርቅ ላይ ከዋለ ነው። የሰልፋይት ውሃ ወደ መቶ በመቶ ይጠጋል። ኮባልት ያለበት አሲዳማው ጠንካራ ወርቅ ግን ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ቀሪው ሃይድሮጅን ያወጣል። በዚያ ውሃ ይህንኑ መስቀል በ1 አምፔር በዴሲሜትር፣ ማለትም በ0.6 አምፔር፣ በ35 በመቶ ውጤታማነት ብትሠራው 11 ደቂቃ ከሩብ ያህል ይወስዳል። ከረንቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ የቆጠብከው 2 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።

ስሌቱን በሚዛን አረጋግጥ። መስቀሉን ከወርቁ በፊትና በኋላ አድርቀህ መዝን። መቶኛ ግራም የሚለይ የወርቅ ቤት ሚዛን 0.29 ግራምን በደንብ ያሳያል። ለቀለም ብቻ የተነከረ 8 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቀለበት ግን 1.5 ሚሊ ግራም ብቻ ስለሚጨምር በዚያ ሚዛን አይታይም። 2.5 ማይክሮን የምንለው አማካዩን መሆኑንም አትርሳ፤ ጫፉ ይወፍራል፣ ስርጉዱ ይሳሳል። በየትም ቦታ ከ2.5 እንዳያንስ የሚፈልግ ሰው አማካዩን ወደ 3.5 ያደርሳል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ከአያቴ የወረስኩት ከጠገራ ብር የተሠራ የአንገት መስቀል አለኝ። ወርቅ ላስቀባው አስቤያለሁ። እዚህ ያለ ባለሙያ «ቬርሜይ አደርገዋለሁ» አለኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ በቅድሚያ ምክራችን አያስቀቡት የሚል ነው። በአሮጌ መስቀል ስርጉድ ውስጥ የተቀመጠው ጥቁረት ቅርጹን የሚያሳየው ነው። የማርያ ትሬዛ ጠገራ ለብዙ ዘመን የአንጥረኞቻችን ብር ሆኖ ያገለገለ ገንዘብ ስለሆነ ዕቃው ራሱ ታሪክ ነው። ወርቅ ለማሳረፍ ያ ሁሉ መፈተግና በአሲድ መነከር አለበት፤ ከዚያ በኋላ ወርቁን ማንሣት ቢቻልም የተፈተገው አይመለስም። ወርቃማ መስቀል ከፈለጉ ቅጂ አሠርተው እሱን ያስቀቡ።

ከወሰኑ ግን ይህን ይወቁ። በአሜሪካ ደንብ «ቬርሜይ» ለመባል ከሥር ያለው ብር 92.5 በመቶ መሆን አለበት፣ ወርቁም ቢያንስ ከ2.5 ማይክሮን ንጹሕ ወርቅ ጋር መመጣጠን አለበት። ጠገራ ብር 83.3 በመቶ ብር ሲሆን ቀሪው መዳብ ነው። ስለዚህ ከጠገራው ሌላ ነገር ሳይቀየጥ የተሠራ መስቀል ስሙን አያሟላም። ከስሙ የሚበልጠው ሥራው ነው፤ መዳቡ ብዙ ስለሆነ በተበየደበት አካባቢ የተደበቀ የመዳብ ኦክሳይድ ጥላ ይኖራል፣ ወርቁ እዚያ ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። ባለሙያውን «የብየዳውን ቃጠሎ እንዴት ታነሣለህ? በመካከልስ ምን ታስገባለህ?» ብለው ይጠይቁት። ብርም እንደ መዳብ በወርቅ ውስጥ ይጓዛልና፣ ያለ ፓላዲየም ወይም ኒኬል የተሠራ ቀጭን ቅብ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል።

መስቀሉ በቀጭን ሽቦ የተጠላለፈ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። የወርቅ ውሃው በሽቦዎቹ መሀል ይቀርና ከቀናት በኋላ እንደ ላብ እየወጣ ነጭ ጨው ይሠራል። በሙቅና በቀዝቃዛ ዲስቲልድ ውሃ እያፈራረቁ፣ ቢቻል በአልትራሳውንድ ማጠቢያ፣ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ትንሽ የቅብ ሥራ ቤት አለኝ። በሥራ መሀል መብራት ሲጠፋ ዕቃው ይበላሽብኛል፤ ወርቁ ከኒኬሉ ጋር እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የሚላጠው ወርቁ ሳይሆን ኒኬሉ ከኒኬሉ ነው። የተላጠውን ቁራጭ ገልብጠው ይዩት፤ ጀርባው ነጭ ከሆነ መለያየቱ የሆነው በኒኬሉ መካከል ነው። ኒኬል ከረንት ሲያጣ ወዲያው በማይታይ የኦክሳይድ ቆዳ ይሸፈናል፤ መብራት ሲመለስ የሚያርፈው አዲስ ኒኬል በዚያ ቆዳ ላይ ነው። አንጸባራቂ ኒኬል በዚህ ከሁሉ ይብሳል።

መብራት እንደጠፋ ዕቃውን አውጥተው ያለቅልቁ፤ ውስጥ አይተዉት። ሲመለስ በ10 በመቶ ሰልፈሪክ አሲድ ለ30 ሰኮንድ ያንቁት። አስተማማኙ ግን የዉድ ኒኬል የሚባለው መነሻ ነው፦ በሊትር 240 ግራም ኒኬል ክሎራይድና 125 ሚሊ ሊትር የተከማቸ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ሳይሞቅ፣ በ5 አምፔር በዴሲሜትር ለ2 ደቂቃ። ይህ ውሃ ኦክሳይዱን እያነሣ በአንድ ጊዜ ኒኬል ያሳርፋል። ለማይዝግ ብረትም፣ ለምሳሌ ለሰዓት ማሰሪያ፣ መነሻው ይኸው ነው።

በወርቁ ውስጥ ሳለ ከጠፋ ደግሞ ሥጋቱ ይለያል። ነፃ ሲያናይድ ያለበት ውሃ ያለ ከረንት የቀረን መዳብ ያሟሟል፤ መዳቡ ውሃውን ይበክልና ቀጣዩን ሥራ ሁሉ ወደ ቀይ ይወስደዋል። እዚህም ማውጣት ነው። ከሲያናይድ የወጣ ዕቃ ወደ አሲድ የሚሄደው በሁለት የተለያዩ የማለቅለቂያ ውሃዎች ከታጠበ በኋላ ብቻ ነው።

ለመጠባበቂያ የመኪና ባትሪ ይሠራል፤ ነገር ግን 12 ቮልቱን በቀጥታ አያገናኙ። ከረንት የሚገድብ መቀነሻ ከባትሪው ቀጥሎ ያስገቡ። የወርቅ ሥራ የሚፈልገው ከረንት ትንሽ ስለሆነ አንድ ባትሪ ለጥቂት ሰዓት አያንስም።

ጥያቄ፦ ሲያናይድ ያስፈራኛል። ያለ ሲያናይድ ወርቅ መቀባት አይቻልም? ድሮ ሰዎች በምን ይሠሩ ነበር?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው፣ ይያዙት። ድሮ የሚሠራው በባዚቃ፣ ማለትም በሜርኩሪ ነበር። ወርቅ በባዚቃ ይለወስና ዕቃው ላይ ይቀባል፤ ከዚያ በእሳት ባዚቃው ይተንናል፣ ወርቁ ይቀራል። የባዚቃ ተን አይታይም፣ አይሸትም፣ ነርቭን ይገድላል። ዛሬም ይህን በከሰል ምድጃ የሚሠራ ካለ እባካችሁ አቁሙ፤ ተኑ የሚያገኘው ሠሪውን ብቻ ሳይሆን በዚያው ቤት የሚተኛውን ልጅ ጭምር ነው።

በ1805 የጣልያኑ ሉዊጂ ብሩኛቴሊ በቮልታ ባትሪ የብር ሜዳሊያዎችን በወርቅ ለበጠ። ሥራው ኢንዱስትሪ የሆነው ግን በ1840 ነው፤ የበርሚንግሃም ሐኪም ጆን ራይት ፖታሲየም ሲያናይድ ለወርቅና ለብር ውሃ እንደሚስማማ ደረሰበት፣ ኤልኪንግተኖች ፓተንቱን ያዙ። ሲያናይድ እስከ ዛሬ የቆየበት ምክንያት ወርቅን እጅግ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። ወርቁ ፈሳሹ ውስጥ በራሱ አይረግፍም፤ በከረንት ብቻ ቀስ ብሎ ይለቀቃል፤ በዚህ የተነሣ ቅቡ ደቃቅና አንጸባራቂ ይሆናል።

አማራጩ የሰልፋይት ወርቅ ነው። በሊትር 10 ግራም ወርቅ፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ከ9 እስከ 10፣ ሙቀት ከ50 እስከ 55 ዲግሪ፣ ከረንት 0.3 አምፔር በዴሲሜትር፣ አኖዱ፣ ማለትም ፖዘቲቩ ላይ የሚታሰረው፣ በፕላቲነም የተለበጠ ቲታኒየም። ቅቡ ለስላሳና ጥሩ ቀለም ያለው ነው፣ በስርጉዱም በደንብ ይደርሳል። ድክመቱ አለመጽናቱ ነው። ፒኤቹ ከ8 በታች ሲወርድ ሰልፋይቱ መፍረስ ይጀምራል፤ እንደ ተለኮሰ ክብሪት ይሸታል፣ ግርጌው ላይ ጥቁር ቡናማ ዝቃጭ ይታያል። ያ ዝቃጭ ወርቅዎ ነው። ስለዚህ ፒኤቹን በየቀኑ ይለኩ፣ ሲጨርሱም ዕቃውን ይክደኑ፤ አየር ሰልፋይቱን ይጨርሰዋልና። በኒኬል ላይ በቀጥታ ሲሠራ ላይጣበቅ ስለሚችል ሻጩ የሚያዘውን ቀጭን የመነሻ ልባጥ አይዝለሉ። በቤት ውስጥና በጠባብ ሱቅ ለሚሠራ ሁሉ ከዚህ ሌላ አንመክርም።

በሲያናይድ ለሚሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ደጋግመን እንላለን፦ አሲድና ሲያናይድ በአንድ መደርደሪያ፣ በአንድ ባልዲ፣ በአንድ የፍሳሽ ቱቦ አይገናኙ። ፒኤች ከ9 ገደማ በታች ሲወርድ ነፃው ሲያናይድ አብዛኛው ሃይድሮጅን ሲያናይድ ይሆናል፤ ይህ በ26 ዲግሪ የሚፈላ፣ በአየር የሚገድል ነገር ነው። «ሽታውን አውቀዋለሁ» ብለው አይተማመኑ፤ ሽታውን ጨርሶ የማያውቅ አፍንጫ ያለው ሰው ብዙ ነው። ጨውን በጥብቅ ከድነው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፤ እርጥበትና አየር ብቻቸውን ቀስ እያሉ ጋዙን ያስወጡታል። ቡና የሚፈላበት ምድጃ ላይ የወርቅ ውሃ አይሙቅ። ሰው ቢወድቅ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ በአፍ አትተንፍሱለት፣ ለሐኪሙ «ሲያናይድ ነው» ብላችሁ ወዲያው ንገሩት፤ ሃይድሮክሶኮባላሚን የሚባል መድኃኒት አለ፣ ጊዜው ግን ደቂቃ ነው። አሲዳማው የወርቅ ውሃ ነፃ ሲያናይድ ባይኖረውም ወርቁ ባረፈ ቁጥር ጥቂት ስለሚለቅ እሱም አየር መሳቢያ ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ በወሩ መጨረሻ የገዛሁት የወርቅ ጨውና የቀባሁት ዕቃ አይመጣጠንም። ወርቁ የት ይሄዳል? ሠራተኞቼን ልጠርጥር?

መልስ፦ ከሠራተኛው በፊት ባልዲውን ይጠርጥሩ። ዕቃ ከወርቅ ውሃ ሲወጣ እርጥብ ነው። በካሬ ሜትር ፊት 150 ሚሊ ሊትር ይዞ ቢወጣና ውሃው በሊትር 2 ግራም ቢኖረው፣ 0.3 ግራም ወርቅ ወደ ማለቅለቂያው ሄደ ማለት ነው። 0.1 ማይክሮን ቅብ በዚያ ፊት ላይ የሚወስደው 1.93 ግራም ነው፤ ስለዚህ ቅቡ ላይ ካረፈው ወርቅ ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ያህል በማለቅለቂያው ጠፋ። ለቀለም ብቻ የሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚከስረው በዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ማለቅለቂያ የማይፈስ ዲስቲልድ ውሃ ያድርጉት። ዕቃውን ከወርቅ ውሃው በላይ 10 ሰኮንድ አንጠልጥለው ያንጠባጥቡ፣ ከዚያ እዚያ ይንከሩ። የወርቁ ውሃ ሞቆ ሲተን የሚሞሉት በዚህ ማለቅለቂያ ነው፤ ወርቁ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የቧንቧ ውሃ አይጨምሩ፤ ካልሲየሙና ክሎራይዱ ይከማቻል። የባትሪ ውሃ ሲገዙም አሲድ አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ምክንያቱ ከላይ ተነግሯል።

ሁለተኛው ኪሳራ ከሰል ነው። ውሃው በቅባትና በአንጸባራቂ ቅሪት ሲበከል በአክቲቭ ከሰል ማጣራት የተለመደ ነው። ወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ወርቅን ከሲያናይድ ውሃ የሚለቅሙት ግን በዚሁ ከሰል ነው! ያጣሩበትን ከሰልና ወረቀት አይጣሉ፤ አጠራቅመው ለማጣሪያ ይስጡ።

ሂሳቡንም በአምፔር-ደቂቃ ይያዙ። ፖታሲየም ወርቅ ሲያናይድ 68.3 በመቶ ወርቅ ነው። 2 ግራም ወርቅ ካለው 1 ሊትር ላይ በ0.1 ማይክሮን 100 ቀለበት ቢሠሩ 154 ሚሊ ግራም ይወጣል፤ የሚጨምሩት ጨው 0.225 ግራም ነው። ወርቁ ከ10 እስከ 15 በመቶ ሳይጎድል ይሙሉ። ዓይን መዳከሙን ሲያይ ግማሹ አልቋል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነኝ። የካርድ ጫፍ ላይ ያለውን ወርቅ ብቀባው በጌጥ ወርቅ ውሃ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። የጌጥ ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ ነው፤ ካርዱ ጥቂት ጊዜ ሲገባና ሲወጣ ይፋቃል። ለዚህ የሚሆነው ከ0.1 እስከ 0.3 በመቶ ኮባልት ያለበት ጠንካራ ወርቅ ነው። ውፍረቱ ከ0.76 እስከ 1.27 ማይክሮን፣ ከሥሩም ከ2.5 እስከ 5 ማይክሮን ኒኬል። በተቃራኒው ወፍራም ወርቅ ላይ በቆርቆሮ አይበይዱ፤ በብየዳው ውስጥ ወርቅ በክብደት ከ3 በመቶ ሲያልፍ ከቆርቆሮው ጋር ተሰባሪ ውህድ ይሠራል፣ ነጥቡም በንዝረት ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ቁርጥራጭ ወርቅ አለኝ። በኤሌክትሪክ ወደ 24 ካራት ማጣራት እችላለሁ?

መልስ፦ ዘዴው አለ፤ በ1874 በሐምቡርግ ኤሚል ቮልቪል የጀመረው ነው። ያልጠራው ወርቅ አኖድ ሆኖ በወርቅ ክሎራይድና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ይሟሟል፣ 99.99 በመቶ የጠራው ካቶዱ ላይ፣ ማለትም ኔጌቲቩ ላይ በታሰረው፣ ያርፋል። ውሃው በሊትር ወደ 100 ግራም ወርቅ ይዞ 60 ወይም 70 ዲግሪ ይሞቃል። እዚህ ወርቁ ሦስት ቻርጅ ስላለው 1 አምፔር በ1 ሰዓት 2.45 ግራም ብቻ ይሠራል።

ለትንሽ ወርቅ ቤት የማይመቸው በሁለት ምክንያት ነው። ውሃው ራሱ ብዙ ወርቅ አስሮ ያስቀምጣል። ከዚያም አኖዱ ቢያንስ 95 በመቶ ገደማ ወርቅ ሆኖ መጀመር አለበት፤ ብሩ ሲበዛ ነጭ ሲልቨር ክሎራይድ አኖዱን እንደ ቅርፊት ይሸፍነውና መሟሟቱን ያቆመዋል። የ18 ወይም የ21 ካራት ቁርጥራጭዎን በቀጥታ አኖድ ቢያደርጉት የሚያገኙት ያንን ቅርፊት ነው። መጀመሪያ በሌላ መንገድ ብሩና መዳቡ መቀነስ አለበት፤ ስለዚህ ቁርጥራጩን አጠራቅመው ለማጣሪያ መስጠቱ ይሻላል፤ ከመስጠትዎ በፊት ግን አቅልጠው ናሙና ያስመርምሩና የክብደቱንና የጥራቱን ወረቀት በእጅዎ ያስቀሩ።